ቂም የከፈተው ሱቅ

ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች አዳራሽ ውስጥ ወንበር ሰጥተው አስቀመጡኝና፣ «እማማ ዘነበች፣ ከተቀጣሪነት ተነሥተው የሕንፃ ባለቤት እስከ መሆን እንዴት እንደደረሱ ይንገሩን» አሉኝ። አብዛኞቹ ጅቡቲ ከመጡ ገና ብዙ አልቆዩም። ወደብ ላይ በዕቃ አስተላላፊ ቢሮዎች ይሠራሉ፤ ደመወዛቸው ወሩ ሳይጋመስ በቤት ኪራይና በመብራት ያልቃል። አንዷ ልጅ በስልኳ የተከታተለችውን ሥልጠና ጠቅሳ፣ ሰው መጀመሪያ ይቀጠራል፣ ቀጥሎ ለራሱ ይሠራል፣ ከዚያ ሌሎችን ያሠራል፣ በመጨረሻ ገንዘቡ ራሱ ይሠራለታል ብላ አስረዳችኝ። «እርስዎ ሁሉንም አልፈዋል» አለችኝ። እውነቷን ነው። ስለ ቁጠባ፣ ስለ ትዕግሥት፣ ደንበኛን ስለ ማክበር ነገርኳቸው። አጨበጨቡልኝ፣ ቀዝቃዛ ለስላሳም ጋበዙኝ። ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ግን ብቻዬን ሳቅሁ። ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው የገፋኝን ነገር አንድም ቃል አልተነፈስኩላቸውም። ቄሱ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ «ልጆቼ፣ እኔን ባለ ሀብት ያደረገኝ ቂም ነው» ይባላል?

ያኔ ሃያ ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላኝም። ጅቡቲ ነፃ ወጥታ የአገሩ ባንዲራ ከተቀየረ ብዙ አልቆየም። አባቴ በባቡር ሥራ ከድሬዳዋ መጥቶ እዚሁ ቀርቶ፣ እዚሁ የተቀበረ ሰው ነው። እናቴና እኔ ካርቲየ 4 በሚባለው ሰፈር ግድግዳዋ ጣውላ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ በሆነች ሰማያዊ ቀለም የተቀባች ቤት እንኖር ነበር። ጠዋት ጠዋት ሴቶች ባጌቱን፣ ያን ረጅም የፈረንሳይ ዳቦ፣ በጆንያ ጠቅልለው ደጃፍ ላይ ይሸጡታል፤ በጥቂት ፍራንክ ትገዢና ሙቀቱ እጅሽን እያቃጠለሽ ትሄጃለሽ። ወንዶቹ ከጉልበት በታች እንደ ደወል የሚሰፋ ሱሪ ለብሰው፣ ጸጉራቸውን አጎፍረው፣ ባለ ወፍራም ሶል ጫማቸውን እያንኳኩ ያልፋሉ። የሱማሌ ሴቶች ዲራካቸው፣ ያ ረጅም ቀሚሳቸው፣ ስስ ነው፤ የባሕሩ ነፋስ ሲያነሣው መንገዱ በሙሉ በቀለም ይሞላል። ከየሻይ ቤቱ በኡድ የታጀበ የፍቅር ዘፈን ይሰማል። እኔ ቃሉ ሳይገባኝ እንኳ አብሬ አንጎራጉር ነበር። አሁን በዚያው መንገድ ሳልፍ ከየሱቁ የሚሰማው የስልክ ጩኸት ነው፤ ባጌቱም እንደ ጣት ቀጥኗል።

የተቀጠርኩት መሀል ከተማ፣ ባለ ቅስት በረንዳ ካላቸው ሕንፃዎች በአንዱ ሥር በነበረ የጨርቅ ሱቅ ነው። ባለቤቱ ክፍሌ ይባላል፤ የኛው ሰው ነው። ፈረንሳይኛ ስለሚያዘወትር ሁላችንም «ሙሴ ክፍሌ» ነበር የምንለው። ነጭ ሸሚዝ፣ በቅባት የተለጠፈ ጸጉር፣ ጣቱ ላይ ወፍራም የወርቅ ቀለበት። ሚስቱ እታገኝ ከሰዓት በኋላ መጥታ ባንኮኒው ጀርባ ትቀመጣለች። እኔ ጣቃ አወርዳለሁ፣ እለካለሁ፣ እቆርጣለሁ፣ እጠቀልላለሁ። አዲስ ጣቃ ሲፈታ የሚወጣውን የስታርች ሽታ እስከ ዛሬ እወደዋለሁ። ሳቲን፣ ክሬፕ፣ ቴትሮን፣ ካኪ፤ ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ እለያቸው ነበር። ፈረንሳዮቹ ማዳሞች፣ የሱማሌ ነጋዴዎች፣ በባቡር ዕቃ ጭነው የሚመለሱት የኛ ሴቶች፣ ሁሉም ገና ከበሩ «ዘነበች አለች?» ብለው ይጠይቃሉ። ቀትር ላይ ሱቁ ይዘጋል። ከተማው በሙሉ ይተኛል ወይም ጫቱን ይቅማል። አሥር ሰዓት ላይ እንደገና ሲከፈት ቁልፉን የማዞረው እኔ ነበርኩ። ደመወዜ ትንሽ ብትሆንም ለእናቴ መድኃኒትና ለቤታችን ትበቃለች። ወደብ ላይ ጸሐፊ የነበረው ግርማም ሽማግሌ ልኮ ነበር። ከፋሲካ በኋላ ልንጋባ ቀን ተቆርጦ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እታገኝ መደርደሪያውን ስታይ ቆየችና፣ «ያ ወይን ጠጅ መልኩ ሐር የት ሄደ?» አለች። ቅጠሉ በወርቃማ ክር የተጠለፈ፣ ክፍሌ ብቻ ያስመጣው ጨርቅ ነው። ሙሉ ጣቃው የለም። ክፍሌ ከጓዳ ወጣ። መጀመሪያ ሚስቱን አየ፣ ከዚያ እኔን።

«ቁልፍ ያለው እኔና እሷ ጋ ነው» አለ።

«ሙሴ፣ እኔ አልነካሁትም። ትናንት ማታ የዘጉት እርስዎ ነበሩ» አልኩት።

ሱቁ ውስጥ ደንበኞች ነበሩ። ሁለቱ የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ናቸው። ክፍሌ ቦርሳዬን ከምስማሩ አውርዶ ባንኮኒው ላይ ዘረገፈው፤ ማበጠሪያዬ፣ የተረፈ ዳቦዬ፣ የእናቴ የመድኃኒት ብልቃጥ ተበተነ። ብልቃጡን አንሥቶ ለሰው እያሳየ፣ «ይኸን መድኃኒት በኔ ደመወዝ ነው የምትገዛው?» አለ። «ፖሊስ አልጠራም። ለሟቹ አባትሽ ስል ነው። ውጪ።» ውለታ እንደ ዋለልኝ ሰው ነው ያወራው። ወለል ላይ የወደቀውን ማበጠሪያዬን ስለቅም የረዳኝ ሰው አልነበረም።

ወሬው እኔ ቤቴ ሳልደርስ ካርቲየ 4 ደርሶ ነበር። በዚያው ሳምንት ግርማ መጣ። ከደጃፉ አልገባም። ዓይኑን ከመሬት ሳይነቅል፣ «ቤተሰቦቼ ነገሩ ይቆይ ብለዋል» አለኝ። «አንተስ?» አልኩት። «ሰው ሌባ አገባ ይለኛል» አለና ሄደ። ይህንን እንኳ ቻልኩት። ያልቻልኩት የእናቴን ነው። አንድ ምሽት ራሷን እየዳበስኩ ሳለ እጄን ይዛ፣ «ልጄ፣ በኔ ሕመም ተቸግረሽ እንደሆነ ንገሪኝ፤ አልቆጣሽም» አለችኝ። እናቴ ተጠራጠረችኝ። ክረምቱ ሳያልፍ፣ ያ ጥርጣሬ ሳይለቃት ሞተች። ክፍሌ ለቅሶ መጥቶ ከሰው መሀል ተቀምጦ ቡና ጠጥቶ ሄደ። ብዙ ሰው የሚሰርቁትን ይረግማል፤ እኔ የረገምኩት እናቴን የሰረቀኝን ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ የቀጠረኝ የለም። ከበሩ ላይ ስሜን ሲሰሙ ሥራው ተይዟል ይሉኛል። ጎረቤታችን ኻዲጃ የምትባል የሱማሌ ሴት ነበረች፤ ካርቲየ 4 ገበያ ውስጥ ሻሽና ጨርቅ ትሸጣለች። አንድ ጠዋት ገብታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ሰርቀሻል?» አለችኝ።

«አልሰረቅኩም።»

«እንግዲያው ለምን ትተኛለሽ? አንቺ ጨርቅ ታውቂያለሽ፣ እኔ ገበያ አውቃለሁ። የማይሸጥልኝን ጣቃ ሁሉ ተሸክመሽ ዙሪ። ትርፉን እንካፈላለን።»

ፊት ለፊት የጠየቀችኝም ያመነችኝም እሷ ብቻ ናት። ነፍሷን ይማር፤ የጆሮ ጉትቻዬን ሸጬ የራሴን ሁለት ጣቃ ጨመርኩበትና መዞር ጀመርኩ። በዚያ በበጋው እሳት፣ ከምድረ በዳው የሚነሣው ነፋስ አሸዋ እየበተነ፣ ጨርቅ በትከሻዬ ተሸክሜ ከካርቲየ 1 እስከ ካርቲየ 7 እዞራለሁ። አሁን ልጆቹ «ለራስ መሥራት ነፃነት ነው» ሲሉ እሰማለሁ። እኔ በዚያ ጊዜ ያየሁት ነፃነት የተሰነጠቀ ተረከዝ ነበር። ያም ሆኖ ማታ እግሬን ውሃ ውስጥ ነክሬ ስቀመጥ አንድ ነገር ታወቀኝ፤ ከእንግዲህ ቦርሳዬን የሚዘረግፍ ሰው የለም።

እንዲህ ስዞር ነው አንድ ቀን ራስ ዲካ በሚባለው ሰፈር፣ ባሕሩ አጠገብ ካሉት ቤቶች አንዱን ያንኳኳሁት። ሰብለ የምትባል መልከ መልካም ሴት ከፈተችልኝ። ብቻዋን ነው የምትኖረው። ጥሩ ሰው ነበረች፤ ቀዝቃዛ ውሃ ሰጠችኝና ወደ ውስጥ አስገባችኝ። ስገባ ዙሪያውን አየሁ። መስኮቱ ላይ መጋረጃ፣ አልጋው ላይ አልጋ ልብስ፤ ወይን ጠጅ ሐር፣ በወርቃማ ክር የተጠለፈ ቅጠል።

«ደስ የሚል ጨርቅ ነው» አልኳት።

«ሙሴ ክፍሌ ናቸው ያመጡልኝ» አለች ሳቅ ብላ። «ጣቃውን እንዳለ። ለሰው አትንገሪ ብለውኛል፤ አንቺ ግን ሴት ነሽ።»

ውሃዬን ጨርሼ፣ አንድ ሻሽ ሸጬላት ወጣሁ። ባሕሩ ዳር ተቀምጬ ብዙ አሰብኩ። ሮጬ እታገኝ ጋ ሄጄ ብነግራትስ? ማን ያምነኛል? ሌባ ተብላ የተባረረች ልጅ፣ በቂም ስም አጠፋች ይሉኛል። ቃሌ ክብደት የለውም። ክብደት እስኪኖረው ድረስ አፌን ልዝጋ አልኩ። ክፍሌ ሀብታም ስለሆነ ነው የተሰማው፤ እኔም መሰማት ካለብኝ ከሱ በላይ መሆን አለብኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አማረኝ አላልኩም፣ ልብስ አማረኝ አላልኩም።

ባቡሩ እየተዳከመ፣ የጭነት መኪናው እየበዛ የሄደበት ጊዜ መጣ። ከአዲስ አበባ የሚመጡት ሾፌሮች ወደብ ላይ ወረፋ ሲጠብቁ ቀናት ይቀመጣሉ፤ ሲመለሱ ደግሞ ለሚስትና ለእናት አንድ ነገር ሳይዙ መግባት ይከብዳቸዋል። ጨርቄን ይዤ መኪና ማቆሚያው ድረስ ሄድኩላቸው። «ሚስትህ ቁመቷ የት ይደርሳል? ቀይ ናት ጠይም?» እያልኩ እየመረጥኩ እሰጣለሁ። በሚቀጥለው ጉዞ፣ «ዘነቡ፣ ባለቤቴ መርቃሻለች» እያሉ ጓደኞቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። ከኻዲጃ ጋር ሆነን ካርቲየ 4 ገበያ አጠገብ ጠባብ ሱቅ ተከራየን። ከሾፌሮቹ አንዱን አገባሁት፤ ተስፋዬ የሚሉት ዝምተኛ ሰው ነበር። ልጆች ከወለድን በኋላ እሱን የመኪና አደጋ በላብኝ። ሐዘኔን ተቀምጬ ተነሣሁና ዱባይ ሄድኩ፤ ክፍሌ በደላላ የሚያስመጣውን ጨርቅ ከምንጩ አመጣሁ። እሱ ደንበኛ አመናጭቆ ሲሸኝ የኔ ሴት ልጆች ወንበርና ውሃ ይዘው ይቀበላሉ። የፈረንሳዮቹ ማዳሞች መጡ፤ የሱማሌ ነጋዴዎቹ መጡ፤ በመጨረሻ እነዚያ ቦርሳዬ ሲዘረገፍ የቆሙት ሁለት ሴቶችም መጡ። እነሱን ራሴ ነኝ ያስተናገድኳቸው። ጨርቁን እየለካሁ ዓይን ዓይናቸውን ብቻ አየኋቸው፤ መልሳቸውን ሳይቀበሉ ወጡ።

ትርፉን ወርቅ አልገዛሁበትም። ለወደብ ሠራተኞች የማከራያቸው ክፍሎች ገዛሁ፤ ኪራዩን አጠራቅሜ ሌላ ጨመርኩ። ሰው «ዘነበች ስስታም ናት» ይለኛል። ክፍሌ ቤተ ክርስቲያን ሲያገኘኝ ባርኔጣውን አንሥቶ፣ «እንደምን ነሽ ዘነበች፤ እግዚአብሔር ባርኮሻል እኮ» ይለኛል። ሳይቀልድ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚባለው እንዲህ ዓይነቱን ሰው አይተው ነው። «ደኅና ነኝ ሙሴ» እለዋለሁ። ክፍሌ ሱቁን የተከራየበት የዚያ ባለ ቅስት ሕንፃ ባለቤት አንድ የየመን ሽማግሌ ነበሩ። እሳቸው ሲሞቱ ልጆቻቸው ሊሸጡት እንደሚፈልጉ ስሰማ ማታውኑ ሄድኩ። ብዙ ተከራከሩኝ። ክፍሎቼን ሸጬ፣ ከባንክ ተበድሬ፣ ገዛሁት። ክፍሌ ኪራይ የሚከፍለው ለኔ ሆነ።

ከሴት ልጁ ጋር መጣ። በምርኩዝ ነው የሚሄደው፤ ነጭ ሸሚዙ ግን እንደ ጥንቱ ተተኩሷል። ወንበር ስቦ ተቀመጠና፣ «ከባዕድ እጅ ከሚገባ አንቺ እጅ መግባቱ ደስ ብሎኛል» አለ።

«ውሉ ሲያልቅ ልቀቅልኝ» አልኩት። ዕድሜ ልኬን እርስዎ ያልኩትን ሰው አንተ ማለቴ ነው። ልጁ ደነገጠች።

«ዘነበች፣ ዕድሜዬን የጨረስኩበት ሱቅ እኮ ነው።»

«እኔም እዚያ ነው ስሜን የጨረስኩት። ያን ሐር ታስታውሰዋለህ? ራስ ዲካ መጋረጃ ሆኖ አይቼዋለሁ።»

ፊቱ አመድ መሰለ። ልጁን፣ «አንዴ ውጭ ጠብቂኝ» አላት። ስትወጣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ምን ላድርግ? ምን ይፈልጋሉ?» አለኝ። እርስዎ አለኝ። ይህን ቃል ከሱ አፍ ለመስማት ስንት በጋ በእግሬ እንደተጓዝኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

«እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሕዝቡ ሳይበተን ቆመህ ተናገር። ዘነበች አልሰረቀችም፣ የወሰድኩት እኔ ነኝ በል።»

«ካልኩ ሱቁን ይተዉልኛል?»

«መጀመሪያ በለው» አልኩት።

ቅዳሜ ዕለት እታገኝ ብቻዋን ቤቴ መጣች። አርጅታለች፤ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባለች። ልታለቅስብኝ ነው ብዬ ነበር። ተቀመጠችና፣ «ሽማግሌውን ተይው። የራስ ዲካዋን ሴት ያን ጊዜም አውቅ ነበር» አለችኝ።

«ሐሩንስ?»

«ሐሩንም። ሦስት ልጆች ይዤ የት ልሂድ? እሱን ባዋርደው ቤቴ ይፈርሳል። አንቺ ልጅ ነሽ፣ ይረሳልሻል ብዬ ነው።»

«እናቴ፣ ልጄ ሰርቃለች ብላ እንደጠረጠረች ነው የሞተችው» አልኳት።

በሩን ከፈትኩላት። እሷ እስክትመጣ ድረስ ምናልባት ልቤ ሊራራ ይችል ነበር፤ ከሄደች በኋላ ግን የሚራራ ነገር አላገኘሁበትም።

እሁድ ተናገረ። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ካለው ዋርካ ጥላ ሥር ምርኩዙን ተደግፎ፣ «በወጣትነቷ ዘነበችን ሌባ ብዬ አባርሬያት ነበር። አልሰረቀችም። ጨርቁን የወሰድኩት እኔ ነኝ፤ ለሌላ ሴት ሰጥቼው ነው» አለ። ወጣቶቹ ምን እንደሚያወራ አልገባቸውም፤ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ዘመን ሰው የቀረነው ጥቂት ነን። ለነዚያ ጥቂቶች ነው ያስነገርኩት። እታገኝ መሬት መሬት ታያለች፤ ልጆቿ ከአጠገቧ ሲርቁ አየሁ። ግርማ ከኋላ በኩል ቆሞ ነበር። ጡረታ ወጥቷል፣ ጸጉሩ የለም። ሕዝቡ ሲበተን ወደኔ መጣና፣ «ዘነበች፣ ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ባውቅ ኖሮ...» ብሎ ጀመረ።

«ጠይቀኸኝ ቢሆን ታውቅ ነበር» አልኩት። «ሂድ፣ ሚስትህ ፀሐይ ላይ ቆማለች።»

ሰኞ ጠዋት ክፍሌ ልጁን ላከ። «አባዬ ቃላቸውን ፈጽመዋል፤ አዲሱን ውል መቼ እንፈርም?» አለችኝ። አዲስ ውል የለም አልኳት። ተናገር አልኩት እንጂ ትቆያላችሁ አላልኩም። ልጅቷ አለቀሰች፤ ለእሷ አዘንኩላት፣ ሐሳቤን ግን አልቀየርኩም። ውሉ ባለቀበት ቀን በረንዳው ላይ ወንበር አስወጥቼ ተቀመጥኩ። ጣቃዎቹ ሲጫኑ፣ ባንኮኒው ሲነቀል፣ ስሙ የተጻፈበት ሰሌዳ ሲወርድ እስከ መጨረሻው አየሁ። ክፍሌ ሲወጣ ቀና ብሎ አላየኝም። ዓመት ሳይሞላው ሞተ። ለቅሶው ላይ ሄድኩ፣ ቡናውንም ጠጣሁ።

ሱቁን አሁን ልጄ ይዛዋለች። የባንክ ዕዳዬ ዋናው ክፍል አልቋል፤ ከላይ ያሉት ቢሮዎች ኪራይ ለኔና ለልጅ ልጆቼ ይበቃል። በዚያች ልጅ ሥልጠና መሠረት ይህ የመጨረሻው ደረጃ ነው፤ እኔ ተቀምጬ ገንዘቤ ይሠራል። ባለፈው እሁድ ከአዳራሹ ስንወጣ የንስሐ አባቴ እስከ በሩ ሸኙኝና፣ «ለልጆቹ ደግ ደጉን ነግረሻቸዋል» አሉኝ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የክፍሌ ነገር ግን፣ ሰውየው አፉን ሞልቶ ከተናገረ በኋላ ማስወጣትሽ በዛ። ለነፍስሽ ንስሐ ግቢበት።»

«አባ፣ ንስሐ የሚገባው የተጸጸተ ሰው ነው» አልኳቸው። «ጸጸቱ የመጣ ቀን መጀመሪያ ለእርስዎ ነው የምነግረው።»

መስቀላቸውን ተሳልሜ ወጣሁ። ጸጸቱ እስከ ዛሬ አልመጣም።